የጊቫት ሃሞሬ ነዋሪዎችና የከተሞች እህትማማችነት

እህትማማች ከተሞች የሚባሉት በተለያዩ አገሮች የሚገኙ፣ የባህል፣ የትምህርትና የንግድ ልውውጥ ለማድረግ በከንቲባዎቻቸው ፊርማ የተስማሙ ከተሞች ሲሆኑ፣ ዕብራይስጡ ግን «አሪም ተኦሞት»፣ ማለትም መንታ ከተሞች ይላቸዋል። እህትማማች የሚለው የአማርኛ ቃል አንዷ ለሌላዋ እህት መሆኗን፣ ግዴታውም ከሁለቱም ወገን መሆኑን ስለሚናገር ለነገሩ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር የጡት ልጅ በደም ሳይሆን በቃል እንደሚዛመድ፣ ከተሞችም የሚዛመዱት በቃል ነው፣ ዝምድናው የሚጸናውም በመጠያየቅ ነው።

ልማዱ በአሁኑ መልኩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1940 በጀርመን የአየር ድብደባ የፈረሰችው የእንግሊዟ ኮቨንትሪ፣ ከእርሷ የባሰ መከራ ከደረሰባት ከሶቪየቷ ስታሊንግራድ ጋር በጦርነቱ መካከል ስትወዳጅ፣ ከ800 በላይ የኮቨንትሪ ሴቶች ስማቸው በአንድ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እንዲጠለፍ አድርገው፣ ከየኪሳቸው ካዋጡት ጥቂት ሳንቲም ጋር ለስታሊንግራድ ልከዋል። በ1956 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት እንዲጠናከር ጥሪ በማድረጋቸው፣ አሠራሩ በአሜሪካ ከተሞች ዘንድ ሥር ሰደደ።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት የሆነው የጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ስሙን ያገኘው መጽሐፈ መሳፍንት በጌዴዎን ታሪክ ከሚያነሣውና 515 ሜትር ከፍታ ካለው የሞሬ ኮረብታ ሲሆን፣ በ1925 የተቆረቆረችው የእስራኤሏ ከተማ የአፉላ አካል ሆኖ ከከተማዋ መሀል በስተምሥራቅ ይገኛል። አፉላ ከጀርመኗ ኢንገልሃይም ጋር በእህትማማችነት የተሳሰረች ከመሆኗም በላይ፣ የአይሁድ ኤጀንሲ፣ ማለትም ቤተ እስራኤላውያን (ከኢትዮጵያ የመጡት አይሁድ) ሶኽኑት እያሉ የሚጠሩት ድርጅት፣ በ1994 በጀመረው የሽርክና ፕሮግራም ከአጎራባቿ ከጊልቦዓ ጋር ሆና በኮነቲከትና በምዕራብ ማሳቹሴትስ ከሚገኙ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ጋር ተጣምራለች። ሁለቱ አሠራሮች ልዩነት አላቸው፤ እህትማማችነት ማዘጋጃ ቤትን ከማዘጋጃ ቤት ሲያገናኝ፣ ሽርክናው ግን ከተማን ከማኅበረሰብ ጋር ስለሚያገናኝ የቤተሰብ እንግድነትን፣ የትምህርት ቤቶችን ግንኙነትና የወጣቶችን ጉብኝት መሠረቱ ያደርጋል።

በዚህ ሽርክና የመጣ እንግዳ በጊቫት ሃሞሬ ወደሚኖር አንድ ቤተ እስራኤላዊ ቤት ቢገባ፣ ንግግሩ በሦስት ቋንቋ የሚያልፍ ይሆናል፤ አያት ቡናውን እየቆሉ በአማርኛ የተናገሩትን የልጅ ልጅ ወደ ዕብራይስጥ፣ አስጎብኚው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜም ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በሱዳን በረሃ የተደረገው ጉዞ ይተረካል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የመጡት ስደተኞች የልውውጥን ችግርና ጥቅም በሕይወታቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ይሁንና በየልውውጡ ፕሮግራም እንደ ተረጂ ወይም እንደ ትርኢት የሚታዩ ከሆነ፣ የማኅበረሰቡ ትልቁ ሀብት የሆነው ይህ ተሞክሯቸው ሳይነካ ይቀራል።

ዝምድናው በሕይወት የሚቆየው ሁለቱንም አገር በሚያውቅ ሰው መሆኑን የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ያሳያል። ጎንደር በ2012 ከአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ አውራጃ ጋር እህትማማች የሆነችው፣ በአውራጃው እጅግ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነው። አዲስ አበባን ከደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ጋር ያስተሳሰራትም በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያ አካባቢ ያፈሰሱት ደም ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 የመረቁት የመታሰቢያ ሐውልት እስከ ዛሬ በቹንቾን ቆሞ ይታያል። በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ፊርማው የመጣው ከዝምድናው በኋላ ነው። በሌላው አቅጣጫ ሲሄድ፣ ማለትም ሰነዱ ቀድሞ ሰዎቹ ሲፈለጉ፣ ከንቲባው ሲለወጥ ግንኙነቱም ይረሳል።

በጊቫት ሃሞሬ ሰዎቹ አስቀድመው አሉ። ስለዚህ የአሜሪካም ሆነ የጀርመን እንግዶች ሲመጡ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ብቻ ሳይሆን የቤተ እስራኤል ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና እናቶችም ቢሆኑ፣ የጉብኝቱም ወቅት በ2008 በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነው ከማኅበረሰቡ በዓል ከስግድ ጋር ቢገጣጠም ይበጃል። ስግድ የሚከበረው ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ሲሆን፣ እንግዳው በዚያ ቀን ቄሱ ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡና በአማርኛ ሲያስረዱ፣ በእስራኤል የተወለዱት ወጣቶችም ትርጉሙን ለእርሱ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ሲነግሩት ይሰማል።