ሆርሞን ቢጠራም ሕዋሱ የማይሰማበት ሰዓት

ዴክሳሜታሶን እብጠትንና የአለርጂን ቁጣ የሚያበርድ፣ በየፋርማሲው የሚገኝ መድኃኒት ነው። አድሬናል ዕጢ የሚያመነጨውን ኮርቲሶል ተክቶ ይሠራል። ሁለቱም ሕዋስ ውስጥ የሚፈልጉት አንድ ፕሮቲን ነው፤ ስሙም የግሉኮኮርቲኮይድ ተቀባይ።

ተቀባዩ ሆርሞን እስኪመጣለት ድረስ በአብዛኛው ከኒውክለስ ውጭ፣ በሌሎች ፕሮቲኖች ታቅፎ ይቆያል። ሆርሞኑ ሲጣበቅበት ወደ ኒውክለሱ ይዘልቅና ዲኤንኤ ላይ ያርፋል፤ አንዱን ጂን ይቀሰቅሳል፣ ሌላውን ያፍናል።

እንግዲህ ሆርሞንም ተቀባይም ካሉ ሥራው መሠራት አለበት። ሁልጊዜ ግን አይሠራም።

ሕዋስ ለሁለት እስኪከፈል አራት ምዕራፎችን ያልፋል፤ በጂ1 ያድጋል፣ በኤስ ዲኤንኤውን ያባዛል፣ በጂ2 ይሰናዳል፣ በኤም ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪው ጎርደን ቶምኪንስና ባልደረቦቹ የአይጥ ጉበት ካንሰር ሕዋሳትን በአንድ ምዕራፍ ላይ እንዲገናኙ አድርገው ዴክሳሜታሶን ሰጧቸው። ታይሮሲን አሚኖትራንስፈሬዝ የተባለው ኢንዛይም በመድኃኒቱ የጨመረው በጂ1 መገባደጃና በኤስ ነበር። በጂ2፣ በኤምና በጂ1 መባቻ ግን መድኃኒቱ ኢንዛይሙን አላስጨመረም።

የኤም ዝምታ ብዙ አያስገርምም፤ ያኔ ክሮሞዞሞች ተጠቅልለው ይጠብቃሉ፣ የጂን ንባብም ከሞላ ጎደል ይቆማል። እንቆቅልሹ ጂ2 ነው። በ1992 በአይጥ ሕዋሳት ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በጂ2ም ተቀባዩ ሆርሞኑን ይዞ ኒውክለሱ ውስጥ ይገባል፤ ጂኑን ማስነሣት ግን ያቅተዋል። ሆርሞኑ ሲቆይበት ደግሞ እዚያው መጽናት ይሳነዋል። ከዚያ በኋላ የወጣ ሥራ አንድ ፍንጭ ጨመረ፦ በኤስ ሆርሞን ሲመጣ ተቀባዩ ላይ የሚለጠፈው ፎስፌት ይበዛል፤ በጂ2 እና በኤም ግን ፎስፌቱ ቀድሞውኑ በርክቷል፣ ሆርሞኑም አይጨምርበትም።

ጡት ካንሰር ላይ ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሕክምና ይሆናል። ኤስትሮጅን የተባለው ሌላ ሆርሞን በራሱ ተቀባይ አማካይነት ሕዋሱን ከጂ1 ወደ ኤስ ይገፋል፤ ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት ጂ1 ላይ ያስቆመዋል። ይህን መተላለፊያ የሚከፍተው ሳይክሊን ዲ1 የተባለ ፕሮቲን ደግሞ በ1997 እንደታየው ያለ ኤስትሮጅንም የኤስትሮጅን ተቀባይን ሊቀሰቅስ ይችላል። በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ የተባለ መድኃኒት የሚያግደው ከሳይክሊን ዲ1 ጋር የሚሠሩትን ኪናዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች) ነው፤ ሳይክሊኑ ተቀባዩን ለመቀስቀስ ግን ኪናዞቹን አይፈልግም። መድኃኒቱ ከሆርሞን ሕክምና ጋር እንጂ ብቻውን አይታዘዝም።