በሬ የሌለው ገበሬ ትጋት

የሰበካ ጉባኤ አባላት የልማት ሥራ ተጠቃሚዎችን ለመምረጥ በሚሰበሰቡበት ጊዜ አንድ አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል፦ «እገሌ ታታሪ ነውና ቢሰጠው ይጠቀምበታል፤ እገሌ ግን ሰነፍ ስለሆነ ቢሰጠውም አይበረክትለትም።» አነጋገሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የምእመናን ዐሥራትና የለጋሾች ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን ከመጠንቀቅ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ታታሪ የተባለውን ሰው ያበለጸገው ትጋቱ ነው ወይስ ከአባቱ የተረከበው ጥሪት? ይህን ሳንመረምር የምንሰጠው ፍርድ ድጋፉን ወደማያስፈልገው ደጅ ሊወስደው ይችላል።

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው በደጋው እርሻ እንመልከተው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስረክብ ነበር። ባለ መሬቱ ሞፈር ሳይጨብጥ ይበላ የነበረው መሬቱን በውርስ ወይም በመንግሥት ስጦታ ስላገኘ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በጉልትና በሰሞን መሬት ከዚሁ ሥርዓት ትጠቀም እንደነበረ መሸሸግ አይገባንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ይህን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ገበሬው በመሬት ረገድ ከጎረቤቱ ጋር ተቀራረበ። ከዚያ ወዲህ የታየው የኑሮ ልዩነት እንግዲህ የትጋትና የስንፍና ልዩነት ብቻ ነው ለማለት የሚያስደፍር ይመስላል።

በሬ ግን እንደ መሬቱ አልተደለደለም። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታረስ አለበት፤ ለዚህም ጥማድ በሬ ያስፈልጋል። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል። አንድም የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ይለውጣል፤ ለባለ በሬው ሲያርምና ሲያጭድ ሰንብቶ በምላሹ በሬዎቹን ለጥቂት ቀን ያገኛል። ዝናቡ ሲጥል ግን ባለ በሬው አስቀድሞ የሚያርሰው የራሱን ማሳ ነው። ለሌላው ተራው የሚደርሰው የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ሲል ነው። ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ሳይጎመራ ዝናቡ ይቋረጥበታል፤ በቅጡ ያልታረሰውን ማሳም አረም ይውጠዋል። መንገደኛ አይቶት «የሰነፍ እርሻ» ይላል። የዚያ ማሳ ባለቤት በዚያ ክረምት ከባለ በሬው ይልቅ ብዙ ቀን ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሠራው ግን በሰው ማሳ ላይ ነው።

ከዚህ የባሰው ባሏ የሞተባት እናት ዕጣ ነው። በአብዛኛው የደጋ ገጠር ልማድ ሴት አታርስም። ወንድ ልጅ ካልደረሰላት መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን፤ ቀድሞ እኩሌታውን ይወስድ የነበረው ባለጸጋ ባለ መሬቱ ነበር፤ አሁን መሬቱ የድኻይቱ ሆኖ እኩሌታውን ጭኖ የሚሄደው ባለ በሬው ነው። እርሱም በሬውንና ጉልበቱን አውሎበታልና ግፍ ሠራ አንልም። ነገር ግን እርስዋ በጓሮዋ ከንጋት እስከ ምሽት ብትደክም ያ ድካም በማሳዋ ላይ በሬ አይሆንላትም።

ውርስም ቢሆን ጨርሶ አልቀረም። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ያደገ ወጣት በአብዛኛው መሬት የሚያገኘው ወላጆቹ ሲያካፍሉት ወይም ሲያወርሱት ነው። ወላጆቹ ጥቂት ካላቸው እርሱም ከጥቂት ይጀምራል። ያደኸዩን በዓላት ናቸው የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን በዓሉ ለባለ ጥማዱም በሬ ለሌለውም እኩል የሚውል ስለሆነ በአንድ መንደር በሚኖሩ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለውን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም።

ትጋት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። እኩል መሬትና እኩል በሬ ካላቸው ሁለት ገበሬዎች አንዱ እርከን ሲሠራና በወቅቱ ሲያርም ሌላው ቸል ቢል፣ በአውድማ ላይ የሚታየው ልዩነት የሥራ ነው። ሰባክያን ለትጋት ትምህርት የምናነሣው የመክሊት ምሳሌም (ማቴዎስ ምዕራፍ 25) ይህንኑ ያስተምራል። ሆኖም ጌታው ለሦስቱም አገልጋዮች አስቀድሞ መክሊት እንደሰጣቸው እናስተውል፤ በባዶ እጁ አትርፍ የተባለ አልነበረም።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ኮሚቴዎች «ሠራተኛ ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ሌሎችንም እንዲያክሉ እናሳስባለን። ባለፈው ክረምት ያረሰው በማን በሬ ነው? የዘራው ከጎረቤቶቹ ስንት ሳምንት ዘግይቶ ነው? ከምርቱ ለሌላ ያስረከበው ምን ያህል ነው? አንድ በሬ ላለው ገበሬ በተዘዋዋሪ ብድር ሁለተኛ በሬ ቢገዛለት ተራ ከመጠበቅ ይድናል። የሚያርስላት ዘመድ ያላት እናትም አንድ በሬ ብታገኝ መቀናጆ መግባት ትችላለች። የሚያርስላት ከሌለ ግን በሬው ድርቆሽ ይጨርስባት እንደሆነ እንጂ አይጠቅማትም፤ ለእርስዋ በግ ወይም ጊደር ይሻላል። መልሶቹም በቃለ ጉባኤው ላይ ከተመራጩ ስም ጎን ቢሰፍሩ፣ ያልተመረጠው ሰው ምክንያቱን ሲጠይቅ «ሰነፍ ነህ» ከማለት የተሻለ መልስ ይገኛል።