ከቀመር ሥር የሚጻፉ ማብራሪያዎች አሰላለፍ በላቴክ

ሌስሊ ላምፖርት በዶናልድ ክኑት ቴክ ላይ በገነባው የጽሑፍ ማቀናበሪያ፣ በላቴክ፣ ‹አንደርብሬስ› የተባለው ትእዛዝ ከቀመር ሥር የተጋደመ ቅንፍ አስምሮ ማብራሪያውን ከቅንፉ በታች ያስቀምጣል። ቅንፉ የሚሰመረው ከላዩ ያለው ክፍል ወደ ታች በወረደበት ልክ በመሆኑ፣ በሜካኒካዊ ኢነርጂ ቀመር ውስጥ የግማሽ ክፍልፋይ ካለበት ክፍል ሥር የሚገኘው ‹ኪኔቲክ› የሚለው ማብራሪያ በክፍልፋዩ ታህት ምክንያት ዝቅ ሲል፣ ‹ፖቴንሻል› የሚለው ከፍ ብሎ ይቀራል። መፍትሔው ‹ቪፋንተም› ነው፤ ይህ ትእዛዝ ወርድ የሌለውና የማይታይ፣ ነገር ግን የተሰጠውን ክፍል ቁመትና ጥልቀት የሚይዝ ሳጥን ስለሚፈጥር፣ ክፍልፋዩን ይዞ በሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ማብራሪያዎች ይስተካከላሉ። ክፍተትን በግምት ከመጨመር ይህ በእጅጉ ይሻላል። ማብራሪያው ረዝሞ የመደመር ምልክቱን ወደ ጎን ሲገፋ ደግሞ የማዝቱልስ ጥቅል ‹ማዝክላፕ› ወርዱን እንደ ዜሮ ያስቆጥረዋል፤ ሆኖም ሁለት ረጃጅም ማብራሪያዎች ጎን ለጎን ከዋሉ መደራረባቸው አይቀርም።