ኦብዘርቨብል ምንድን ነው? እንዴትስ ይለመዳል?

አንድን ነገር ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣውን ለመቀበል ተሰናድቶ መቆየት ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ስንማር አስቀድመን የምንለምደው የፊተኛውን ነው። ሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ የተባለው ዘዴ ግን በኋለኛው ላይ የቆመ ነው። የዚህም ዘዴ ዋና መሣሪያ ኦብዘርቨብል ይባላል፤ ይኸውም ነገሮችን በየጊዜያቸው አንድ በአንድ የሚያቀብል ምንጭ ማለት ነው።

በኦብዘርቨብል ለመሥራት የሚያገለግለውን የፕሮግራም ስብስብ በማይክሮሶፍት ኩባንያ ኤሪክ ማየርና ባልደረቦቹ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2009 አወጡት። በ2013 ደግሞ ኔትፍሊክስ ለጃቫ ቋንቋ የሚሆነውን አሰናድቶ ለሁሉም በነጻ ሰጠ። እኔ የተለማመድሁት ለጃቫስክሪፕት በተዘጋጀው በአር ኤክስ ጄ ኤስ ነው።

ነገሩ ለዱመርሶ ልጅ እንግዳ አይደለም። በመጋዘን የተከመረ ጆንያ ሲኖር ሄደን እንቆጥረዋለን፤ ይህ በፕሮግራም ቋንቋ አሬይ የሚባለው ነው። በለቀማ ወራት ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚመጣው እሸት ቡና ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ገበሬ በቀን፣ ሌላው ከመሸ በኋላ ያመጣል። እሸቱ ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ ሥራው ሁሉም ተሰብስቦ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ እንደ መጣ ይመዘናል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ይለያል፣ ወደ መፈልፈያውም ይገባል። የኦብዘርቨብልም አሠራር እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ መልመጃዬን ከዚሁ አወጣሁ። ቀይ 12 ኪሎ፣ አረንጓዴ 8 ኪሎ፣ ቀይ 30 ኪሎ፣ ቀይ 18 ኪሎ ብዬ በየሴኮንዱ አንዱ እንዲደርስ አደረግሁ። «ፊልተር» አረንጓዴውን ያስቀራል። «ማፕ» የቀረውን እያንዳንዱን ለ6 ያካፍላል፤ ከ6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይገኛልና። ውጤቱም 2፣ 5፣ 3 ይሆናል። «ስካን» እየደመረ 2፣ 7፣ 10 ይላል። በ«ስካን» ፋንታ «ሪዱስ» ብናገባ ግን ምንጩ እስኪያበቃ ዝም ብሎ በመጨረሻ 10 ብቻ ይሰጣል፤ ምንጩ የማያበቃ ከሆነማ ምንም አይናገርም። በሚዛኑ ፊት ቆሞ ድምሩን ለሚጠብቅ ገበሬ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌሎችም ሕጎች አሉ። ይህን ሁሉ ጽፈን «ሰብስክራይብ» ካላልን አንዳች አይንቀሳቀስም። በዚህ መልመጃ ሁለት ጊዜ ሰብስክራይብ ብንል፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ መዝገቡ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። በመካከል ስሕተት ከተነሣ ፍሰቱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ተቀባይ የሚደርስ የለም። ሲበቃንም «አንሰብስክራይብ» ማለት ይገባል፤ አለዚያ የማያበቃ ምንጭ ማንም ሳይፈልገው ሲሠራ ይኖራል።

እነዚህን ሕጎች በቃል መሸምደድ ይቻላል፤ ነገር ግን በሥራ ጊዜ የሚታወሰው በእጅ የተሞከረው ነው። የመለማመጃው ሥርዓት ይህ ነው፦ ፕሮግራሙን ከማስኬድ በፊት በደብተር ላይ አግድም መሥመር ማስመር፤ መሥመሩ ጊዜ ነው፤ የሚደርሰውን እያንዳንዱን ነገር በላዩ በነጥብ ማመልከት፤ ከሥሩም ሌላ መሥመር አስምሮ የሚወጣውን ውጤት መገመት። ከዚያ ፕሮግራሙን አስኪዶ ግምቱንና ውጤቱን ማስተያየት፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና መገመት። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም።

ጓደኞቼ ሆይ! የዚህ ሥራ እኩሌታ እርሳስና ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተር በቅርብ ያላገኘም ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል። ወላጆችም ሆይ! ልጆቻችሁ በደብተራቸው ላይ መሥመርና ነጥብ ሲያሰፍሩ ብታዩ ጊዜ የሚያባክኑ አይምሰላችሁ፤ የሚመጣውን ለመቀበል እየተሰናዱ ነው።