አሮጌው መሣሪያ ለምን ይወደዳል?

አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች አሉት እንበል። አንደኛው አርጅቷል። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ትልሙን ያውቃል። መዞሪያው ላይ ሲደርስ ሳይነግሩት ይዞራል። ሁለተኛው ወይፈን ነው። ጉልበት አለው፤ ግን ገና በደንብ አልተገራም። ድንጋያማ መሬት ሲታረስ ገበሬው የበለጠ የሚተማመነው በየትኛው ነው? መልሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ስለ በሬ አይደለም፤ ስለ አንድ መሣሪያ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ በትርፍ ጊዜያቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ ሳንቲም፣ ቀለበትና የጥንት ዕቃ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉበትም መሣሪያ ብረታ ብረት ጠቋሚ ይባላል። በፈረንጅ አፍ ሜታል ዲቴክተር ነው። ገበያው በአዳዲስ ጠቋሚዎች ተሞልቷል። ሆኖም ከእነዚህ ሰዎች መካከል የ30 እና የ40 ዓመት አሮጌ ጠቋሚያቸውን አንለቅም የሚሉ አሉ። ለምን ይሆን? እስቲ አብረን እንመልከት።

ጠቋሚው እንዴት ይሠራል?

ጠቋሚው ረጅም ዘንግ አለው። በዘንጉ ጫፍ እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር ተገጥሟል። በክቡ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከላይ በኩል ደግሞ ባትሪ የያዘ ሳጥን አለ። ሰውየው ክቡን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ይሄዳል። ከሥር ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ካለ መሣሪያው ይጮኻል።

ከጥንቶቹ አሠራሮች አንዱን በክራር ምሳሌ እናስረዳ። ሁለት ክራሮች አንድ ዓይነት ከተቃኙ ድምፃቸው አንድ ይሆናል። የአንዱ ጅማት ትንሽ ሲላላ ግን ድምፁ ይርገበገባል። ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። በጠቋሚው ውስጥም ሁለት የኤሌክትሪክ ንዝረቶች አሉ። አንዱ በሳጥኑ፣ ሌላው በክቡ ሽቦ ውስጥ ነው። ክቡ ወደ ብረት ሲጠጋ የሽቦው ቅኝት ይለወጣል። ያን ጊዜ በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ይለወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከየት መጣ?

ከዚህ በታች የተጻፉት የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ቆሰሉ። በስልክ ሥራው የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሊያገኝ ሞከረ። አልተሳካለትም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን አገሩ በጀርመን ስለተያዘች በስደት ብሪታንያ ውስጥ ነበር። እዚያ ሳለ ወታደር ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መጠቆሚያ ሠራ። በ1942 በግብፅ በተደረገው የኤል አላሜይን ውጊያ ይኸው መሣሪያ በፈንጂ መካከል መንገድ ለመክፈት አገለገለ። ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ለሠራዊት ትርፍ የሆኑ ጠቋሚዎች በርካሽ ተሸጡ። ሰዎችም ገዝተው ሳንቲም መፈለጊያ አደረጓቸው። እንግዲህ ይህ ልማድ ሲጀመርም በአሮጌ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

አዲሱና አሮጌው ሲነጻጸሩ

አዲሱ ጠቋሚ በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር፣ በላዩ ደግሞ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት አለው። ቁጥሩ ከሥር ያለው ነገር ምስማር ይሁን ሳንቲም ይገምታል። ግምት ነው እንጂ እርግጥ አይደለም። ትንሽ የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ቆርቆሮ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ወርቁን ረግጦት ሊሄድ ይችላል።

አሮጌው ጠቋሚ ይህ ሁሉ የለውም። ጥቂት መዞሪያዎች አሉት፤ ይጮኻል፤ በቃ። ስለዚህ ባለቤቱ በጆሮው ይማራል። ውሎ አድሮ የዝገት ምስማር ድምፅ ከሳንቲም ድምፅ ሲለይ ይሰማዋል። ያጠራጠረውንም ቆፍሮ ያየዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ውስጡ ቀላል ስለሆነ ሙያው ያለው ሰው ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል። ዋይትስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1950 ተቋቁሞ በ2020 ተዘጋ። ቀላል ጠቋሚዎችን በመሥራት የታወቀው ቴሶሮም ሥራውን አቁሟል። ወዳጆቻቸው ግን ያገለገሉትን እየፈለጉ ይገዛሉ፤ ከተሰበረው አውጥተው ለሚሠራው መለዋወጫ ያደርጋሉ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንደሚባለው ነው።

በ2009 በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሸር የሆነውን እንንገራችሁ። ቴሪ ኸርበርት የተባለ ሥራ ያልነበረው ሰው የገበሬውን ፈቃድ ጠይቆ እርሻው ውስጥ ገባ። የያዘው አሮጌ ጠቋሚ ነበር። ከ1,300 ዓመት በላይ የቆየ ወርቅና ብር አገኘ። ማረሻ ወደ ላይ አውጥቶት ስለነበረ ጥልቅ አልነበረም። ሰውየው ግኝቱን ለባለሥልጣን አስታወቀ፤ የጥንት ታሪክ ባለሙያዎችም መጥተው ቆፈሩ። ሀብቱ 3,285,000 ፓውንድ ተገመተ። ሙዚየሞች ገዙት፤ ገንዘቡም ለፈላጊውና ለባለ መሬቱ እኩል ተካፈለ።

ታዲያ አሮጌው ጉድለት የለውም?

አለው። የጥንቱ ጠቋሚ ጥልቅ የተቀበረ ነገር አያገኝም። አፈሩ ራሱ የብረት ማዕድን ካለበት ያለ ምክንያት ይጮኻል። ለዚህ ለዚህ አዲሱ ይበልጣል። አሮጌውን የያዘ ሰው ደግሞ ዝገትና ቆርቆሮ ሲቆፍር ሊውል ይችላል። ወዳጆቹም ይህን አይክዱም። ጉድለቱን ጭምር ስለሚያውቁት ነው የሚወዱት።

አሁን ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የትርፍ ጊዜ ጠቋሚ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ የፈንጂ መፈለጊያ አይደለም። አንዳንድ ፈንጂ ብረቱ በጣም ትንሽ ነው፤ መሣሪያው ዝም ይላል። «አልጮኸም» ብሎ የረገጠ ሰው እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል። በአገራችን ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ፤ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ስታርሱ የጥንት ሳንቲም ወይም ዕቃ ብታገኙም አስታውቁ። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ይህን ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርንም ይከለክላል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አሮጌ ሁሉ ጥሩ፣ አዲስ ሁሉ መጥፎ ነው አላልንም። መሣሪያ የሚመዘነው በሥራው ነው። ነገ አንድ ነጋዴ አዲስ የውሃ ፓምፕ ይዞ ቢመጣ ብልጭልጩን አትዩ። ጠይቁት። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? እኔስ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደሆነ ለማወቅ እችላለሁ? ነጋዴው ከመለሰላችሁ ግዙ። ካልመለሰላችሁ የምታውቁትን ጠግናችሁ ሥሩበት። ከመሣሪያው በስተ ጀርባ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ መሣሪያው ብቻውን ምንም አያገኝም።

ጥያቄዎች

1. ጠቋሚው ወደ ብረት ሲጠጋ ምን ይሆናል?
2. አዲሱ ጠቋሚ የሚያሳየው ቁጥር ሰውን እንዴት ሊያሳስት ይችላል?
3. የአሮጌው ጠቋሚ ሁለት ጉድለቶች ምንድን ናቸው?
4. ያልፈነዳ ፈንጂ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
5. በቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች በድምፁ ብቻ ጤንነቱን የምታውቁት የትኛውን ነው? ተወያዩበት።