የዕፅዋት ንጥሮችና የስፖርተኛው ጡንቻ

እንደ ማራቶን ባሉ ረጅምና አድካሚ ውድድሮች የሚካፈሉ ስፖርተኞች ከልምምድ በኋላ የሚሰማቸውን የጡንቻ ሕመምና ድካም ለማስታገስ ከዕፅዋት የተዘጋጁ እንክብሎችንና ዱቄቶችን ሲወስዱ በበርካታ አገሮች ይታያል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ጂንሰንግና የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ በማሸጊያቸው ላይ “ፀረ ኦክሲዳንት” የሚል ጽሑፍ የሰፈረባቸው ሲሆን፣ የሻጮቹም መልእክት ተመሳሳይ ነው፤ ከባድ ልምምድ በሰውነት ውስጥ ጎጂ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፣ ንጥሩ ደግሞ ያጠፋቸዋል ይላሉ። ሳይንሱ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው።

አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። በከባድ ሩጫ ወቅት ይህ መጠን በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ጡንቻ በብርቱ በሚሠራበት ጊዜ ከኦክስጅኑ ጥቂቱ ተጣማሪ ኤሌክትሮን ወደ ሌላቸው፣ ፍሪ ራዲካል ወደሚባሉ ቅንጣቶች ይለወጣል። እነዚህም የጎደላቸውን ኤሌክትሮን ለማግኘት የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር ቅንጣት ያጠቃሉ። ቀደም ሲል ዋነኛ ምንጫቸው ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ እንደሆነ ይታመን ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ ምርምሮች ግን ጡንቻው በሚኮማተርበት ጊዜ በሽፋኑ አካባቢ የሚሠሩ ኢንዛይሞች የላቀ ድርሻ እንዳላቸው ያመለክታሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ሁኔታ የሚከሰተው የሚመረቱት ቅንጣቶች ሰውነት ከሚቋቋመው መጠን ሲበልጡ ነው።

ሰውነት ያለ መከላከያ አልተተወም። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ፣ ካታላዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ቅንጣቶቹን ያለማቋረጥ ያመክናሉ። ልምምድ ያዘወተረ ሰው ደግሞ ከጀማሪው ይልቅ የበረታ መከላከያ ይኖረዋል። የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም በዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ በ1982 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እስኪዝሉ ድረስ በሮጡ አይጦች ጡንቻና ጉበት ውስጥ የፍሪ ራዲካል መጠን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መጨመሩን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተያዘው እምነት ግልጽ ነበር፤ ቅንጣቶቹ ጠላት ስለሆኑ በቫይታሚንና በዕፅዋት ንጥር ይጥፉ የሚል ነው።

ይህን እምነት ካናጉት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ2009 በጀርመን ይፋ ሆነ። ጤናማ ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንታት የአካል ብቃት ልምምድ ሲያደርጉ ከፊሎቹ በየቀኑ 1 ሺህ ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ኢ እንዲወስዱ ተደረገ። ልምምዱ የሰውነትን ለኢንሱሊን የመታዘዝ አቅም ያሻሻለው ቫይታሚኑን ባልወሰዱት ላይ ነበር፤ በወሰዱት ላይ ለውጡ አልታየም። በኖርዌይ እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ የ11 ሳምንታት ጥናትም ሁለቱን ቫይታሚኖች አብዝተው በወሰዱ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ከማይቶኮንድሪያ ዕድገት ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖች ሊጨምሩ የሚገባቸውን ያህል አለመጨመራቸውን አሳይቷል፤ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅማቸው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሌሎቹ አላነሰም። የዚህ ሁሉ ትርጓሜ በልምምድ ወቅት የሚፈጠሩት ቅንጣቶች በልክ ሲሆኑ ለጡንቻው “በርታ” የሚል መልእክት የሚያደርሱ መሆናቸው ነው። መልእክተኛውን ማፈን የልምምዱን ፍሬ ማሳነስ ይሆናል።

ዕፅዋትን ከቫይታሚን እንክብል ጋር አንድ አድርጎ መመልከት በእርግጥ አይገባም። በብሮኮሊና በዘመዶቹ ውስጥ የሚገኘው ሰልፎራፌን፣ በእርድ ውስጥ የሚገኘው ኩርኩሚንና መሰሎቻቸው ቅንጣቶቹን በቀጥታ ከማምከን ይልቅ የሰውነቱን የራሱን ኢንዛይሞች የሚቀሰቅሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። በአሜሪካ ጆርጂያ እ.ኤ.አ በ2010 በቀረበ ጥናት በቀን ሁለት ግራም ዝንጅብል ለ11 ቀናት የወሰዱ ሰዎች ከከባድ የክንድ ልምምድ ማግስት የተሰማቸው ሕመም በሩብ ያህል ቀንሷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በለንደን ማራቶን የሮጡ 20 ሰዎችን የተከታተለ ሲሆን፣ ከውድድሩ አምስት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ የጎምዛዛ ቼሪ ጭማቂ የጠጡት የጡንቻ ጉልበታቸው ቶሎ ተመልሷል። ይሁንና እነዚህ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ፣ ሕመምንና ማገገምን የለኩ ጥናቶች ናቸው፤ ሯጭን ያፈጥናሉ የሚል ማስረጃ አይወጣቸውም።

ሌላው ችግር በመሞከሪያ ብልቃጥ ውስጥ የታየ ኃይል በሰው ደም ውስጥ አለመደገሙ ነው። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን ሲታከልበት መጠኑ በብዙ እጥፍ መጨመሩ እ.ኤ.አ በ1998 ታውቋል። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም የምግቦችን የፀረ ኦክሲዳንት ኃይል በቁጥር የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ ቁጥሮቹ ለሰው ጤና የሚሰጡት ትርጉም ስላልተረጋገጠና ለማስታወቂያ ስለዋሉ፣ እ.ኤ.አ በ2012 ከድረ ገጹ አንስቶታል።

“ከተፈጥሮ የተገኘ” የሚለው ቃል ለደህንነት ዋስትና አይሆንም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በአረንጓዴ ሻይ ንጥር ውስጥ ያለው ዋና ውህድ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት እንደሚያስከትል አስታውቋል። ኤፌድራ የተባለው ዕፅ ደግሞ የበለጠ አደጋ አድርሷል። የ23 ዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር እ.ኤ.አ በ2003 በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሲሞት፣ ይወስደው የነበረው የኤፌድራ እንክብል ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን የአስከሬን መርማሪው ገልጸዋል። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ኤፌድራ ያለባቸው ማሟያዎች እንዳይሸጡ ከልክሏል።

ለውድድር ስፖርተኛ ሌላም ስጋት አለ። በጀርመን ኮሎኝ የሚገኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ማሟያዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ በ2004 ባወጣው ውጤት፣ በ94ቱ ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጠቀሱ ጡንቻ አዳባሪ ሆርሞኖችን አግኝቷል። ይህም ከመቶው ወደ 15 የሚጠጋ ነው። በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት በናሙናው ለተገኘ የተከለከለ ነገር ቀዳሚው ተጠያቂ ስፖርተኛው ራሱ ነው፤ “በእንክብሉ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር” ማለት ቅጣቱን ቢያቀልለት እንጂ ጥፋቱን አይሰርዝለትም። ከዕፅዋት የሚገኘው ሂጀናሚንም እ.ኤ.አ በ2017 በተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል።

በኢትዮጵያ ማዕድ ቤት የሚገኙት እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ በሚገቡበት መጠን የዚህ ስጋት አካል አይደሉም። ስጋቱ ያለው ተነጥረው፣ ተከማችተውና ምንነቱ ካልታወቀ ነገር ጋር ተቀላቅለው በሚሸጡት ላይ ነው። ቡናን በተመለከተም ካፌይን እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቶ በክትትል ሥር ብቻ ይገኛል። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን ግን በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ስፖርተኛውን ያስጠይቃል።