ደጋ ላይ የሚሠራ፣ ቆላ ላይ የሚከዳ፦ የኤሲ ፍሪሲዮን

ጎንደር አጠገብ ካለችው አዘዞ ተነስቶ በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ መኪናው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከሆነው የጎንደር ከተማ ተነስቶ 700 ሜትር እንኳ ወደማይሞላው ጠረፍ ይወርዳል። ማለዳ ጃኬት ደርቦ የተነሳ ሹፌር ነጋዴ ባሕር ከተማን አልፎ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ሸሚዙ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

በዚህ መስመር ኤሲ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ በዚያ ሐሩር የጭነት መኪና ነድቶ አያውቅም። አይሱዙም ሲኖትራክም ጋቢናቸው የተቀመጠው ሞተሩ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከላይ ከፀሐይ፣ ከታች ከወንበሩ ሥር ይመጣል። መስታወት ቢከፈት የሚገባው ትኩስ ነፋስና አቧራ ነው። ሙቀት ያደከመው ሹፌር ዓይኑ ይከብዳል፣ ፍሬን ለመርገጥም ይዘገያል። ኤሲውን የሚያስነሳና የሚያስቆም አንድ ትንሽ ክፍል፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍሪሲዮን፣ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ከሞተሩ በቺንጋ በሚደርሰው ጉልበት ነው። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኤሲው ቢጠፋም እንኳ ቺንጋውና ከኮምፕሬሰሩ ፊት ያለው ፑሌጃ ይሽከረከራሉ። ኮምፕሬሰሩ ግን የሚዞረው ሲታዘዝ ብቻ ነው። ከፑሌጃው ጀርባ የማይንቀሳቀስ ኮይል ታስሯል፤ ከፊቱ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ የብረት ሰሃን አለ። ሹፌሩ የኤሲውን ቁልፍ ሲጫን ኮይሉ ኤሌክትሪክ አግኝቶ ማግኔት ይሆናል፣ ሰሃኑን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል፣ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ዘንጉም መዞር ይጀምራል። ቁልፉ ሲጠፋ ስፕሪንግ ሰሃኑን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በሰሃኑና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኞቹ ኮምፕሬሰሮች ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው በዚች ክፍተት ውስጥ ነው።

ፍሪሲዮን ያልነበረበት ዘመንም ነበር። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ1939 ኤሲ የተገጠመላቸውን መኪኖች ሲያቀርብ ኮምፕሬሰሩ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ይዞር ነበር። ቅዝቃዜ ያልፈለገ ባለመኪና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። ዛሬም ፍሪሲዮኑ የሞተበት ሹፌር መንገድ ዳር አንዳንዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ብዙ ሹፌሮችን የሚያደናግረው አንዱ ችግር እንዲህ ነው። ኤሲው በማለዳ ጎንደር ላይ ይሠራል። ቆላ ሲደርስ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት ቀጥ ይላል፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይመለሳል። ሹፌሩ ጎንደር ተመልሶ ጋራዥ ሲያስገባው መካኒኩ ቁልፉን ይጫናል፣ “ቀጭ” ይላል፣ “ምንም የለውም” ተብሎ ይወጣል። ወይም ጋዝ ይሞላለትና ገንዘብ ይከፍላል። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ነው።

ምክንያቱ መዳብ ነው። የኮይሉ ሽቦ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተቃውሞ ያበጃል። በ20 ዲግሪ የነበረ ኮይል ሞተሩ ሥር 100 ዲግሪ ቢደርስ ተቃውሞው በ30 በመቶ ግድም ያድጋል፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም በሩብ ገደማ ይቀንሳል፣ ማግኔቱ ይደክማል። ክፍተቱ በልኩ ከሆነ የደከመውም ማግኔት ሰሃኑን መሳብ አያቅተውም። ፍሪሲዮኑ ለዓመታት እየተፋጨ ክፍተቱን አስፍቶት ከሆነ ግን በብርድ የሚስበውን በሙቀት መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ በጎንደር ማለዳ የተደረገ ፍተሻ ስለ መተማ ቀትር ምንም አይናገርም። መኪናው መመርመር ያለበት ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ኤሲው ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ በኋላ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥገና ርካሽ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው ከሰሃኑ ጀርባ በሚገቡ ስስ ሮንዴላዎች ነው። የመሃሉ ቡሎን ይፈታል፣ ሰሃኑ በመንቀያ ይወጣል፣ አንዲት ሮንዴላ ትቀነሳለች፣ ክፍተቱ በሦስት ቦታ ተለክቶ ይታሰራል። ጋዙ አይነካም፤ ቱቦ አይፈታም። ሰሃኑን በካቻቢቴ መፈልቀቅ ወይም ዘንጉን በመዶሻ መምታት ግን ደህናውን ኮምፕሬሰር መግደል ነው።

ፍሪሲዮኑ ጨርሶ ካልሳበ ቴስተር ይውጣ። ኤሲው በርቶ እያለ ኮይሉ ሶኬት ላይ የባትሪው ቮልቴጅ ከደረሰና “ቀጭ” ካላለ ጥፋቱ ኮይሉ ወይም ክፍተቱ ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የግፊት ስዊቹ ይታይ። ጋዝ ሲያንስ ስዊቹ ሆን ብሎ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ጋዝ የሌለው ኮምፕሬሰር ያለ ዘይት ይፋጫል። ይህን ስዊች በሽቦ ዘልሎ ማገናኘት መፍትሔ ሆኖ ሲቀርብ መስማት ያሳዝነኛል። ኤሲው ለጥቂት ቀን ይነሳል፣ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ይነክሳል። የነከሰ ኮምፕሬሰር ላይ አዲስ ፍሪሲዮን ቢገጠም ሰሃኑ ተንሸራትቶ ይጨስና ይቃጠላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሰሃኑን በእጅ ማዞር ይህን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ካልዞረ ፍሪሲዮን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በግዢ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ከባድ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ባለ 24 ቮልት ናቸው፣ የቤት መኪኖች ባለ 12። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከጎንደር ሱቅ፣ ያገለገለ ፍሪሲዮን በመልኩ ብቻ ከተመረጠ ሊሳሳት ይችላል። የ12 ቮልት ኮይል 24 ቮልት ላይ ሲገናኝ የሚያመነጨው ሙቀት አራት እጥፍ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ጽሑፉ የጠፋበትን ኮይል በቴስተር መለየት ይቻላል፦ የ12ቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኦም አካባቢ ነው፣ የ24ቱ ከ10 ኦም በላይ ይሆናል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ኤሲ የሚያሳጣ እንጂ መኪና የሚያቆም አይደለም። የሚያቆመው ኩሽኔታው ነው። ፑሌጃው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ኤሲው ጠፍቶም ሥራ ላይ ነው። ሲያረጅ ያፏጫል፣ ከዚያ ይጮሃል። ቸል ከተባለ ይነክስና ቺንጋውን አቃጥሎ ይበጥሰዋል። ቺንጋው ኮምፕሬሰሩን ብቻ የሚያዞር ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ አውልቆ መሄድ ነው። የውኃ ፓምፑንና ዲናሞውንም የሚያዞረው እሱው ከሆነ ግን ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል።

ይህ ብልሽት በሌላ መስመር፣ ሊማሊሞ ላይ ቢደርስስ? ጣልያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደሉን ፈልፍለው ያወጡት፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድ የተበላሸ መኪና የሚቆምበት ሰፊ ቦታ የለውም። ጭነት ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሞተር በዚያ ከፍታ ራሱም ይጨነቃል፤ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፣ ራዲያተሩም በሳሳ አየር እንደልቡ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ኤሲ ጠፍቶ ከፑሌጃው ድምፅ የሚሰማ ሹፌር ሊማሊሞን ሳይጀምር ኩሽኔታውን ይቀይር። ኩሽኔታው ደህና ሆኖ ኮይሉ ብቻ ከሞተ ሶኬቱን ነቅሎ ያለ ሥጋት መጓዝ ይችላል።

የደጋ ሰው የሚረሳው ሌላም አለ። ኤሲ የሚያቀዘቅዝ ብቻ አይደለም፣ እርጥበትም ያደርቃል። በክረምት የሊማሊሞ ጉም የፊት መስታወቱን ከውስጥ ሲያጨፍነው ፈጥኖ የሚያጠራው ኤሲና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ ነው። ነገር ግን አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ኮምፕሬሰሩ በረዶ እንዳይሠራ ራሱን ያጠፋል፤ በደባርቅ ሌሊት ፍሪሲዮኑ እምቢ ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በደጋ ብቻ የሚሠራ መኪና ደግሞ ኤሲውን ለወራት ሳያበራ ይቆያል፣ የዘንጉ ጎሚኒ ይደርቃል፣ ጋዝ ይሾልካል፣ ሰሃኑ ይዝጋል። በየሁለት ሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማብራት ይበቃዋል።

የመተማንና የሁመራን ሰሊጥ የምታመላልሱ ሹፌሮችና ባለንብረቶች፣ ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሞተሩ ሞቆ ተፈትኗል? ክፍተቱስ ተለክቷል? “ጋዝ እንሙላለት” የሚላችሁ መካኒክ መጀመሪያ ጋዙ የት እንደሾለከ ያሳያችሁ።